ስለ ነፋስ መኪናዎች ቅባትና ስለ ዘይታቸው አጠባበቅ

ሰው መኪና በሚገዛበት ጊዜ ስለ ዋጋው አጥብቆ ይከራከራል፤ ስለ ጉልበቱም ደጋግሞ ይጠይቃል። መኪናው ከተተከለ በኋላ ግን ዕድሜውን የሚያረዝመው ወይም የሚያሳጥረው በየዕለቱ የሚጠበቅለት ጥቂት ዘይት መሆኑን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ለመኪናው ብዙ ሺህ ብር የከፈለ እጅ ለዘይቱ ጥቂት ብር ሲሳሳ ይታያል። ይህም በሬ በውድ ዋጋ ገዝቶ ጭድ እንደ መንሣት ያለ ነገር ነው።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው በወላይታ ሶዶ፣ እንዲሁም በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባ፣ በሁምቦና በበሌ ገበያዎች ዙሪያ የመኪና ድምፅ እንግዳ ነገር ከመሆን ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እህል የሚፈጭ፣ በቆሎ የሚፈለፍል፣ ዘር የሚያበጥር፣ ቡና የሚቀሽር መኪና በየስፍራው አለ። ከእነዚህም በብዙዎቹ ውስጥ ከዐይን የተሰወረ፣ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ የማያስታውሰው አንድ ክፍል ይገኛል፤ ይኸውም ነፋስ የሚሰጠው ክፍል ነው። መፍጫው ቢደነዝዝ ሁሉ ያየዋል፤ ቺንጋው ቢበጠስ ሁሉ ይሰማዋል። ነፋስ ሰጭው ግን በዝምታ ይደክማል፤ በዝምታም ይሞታል። ሲሞትም መኪናውን በሙሉ ያቆመዋል። እንግዲህ ስለዚህ ክፍል ቅባት የሚገባውን ማወቅ ለባለ መኪናው ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝብን ለሚያስተዳድሩት ሹማምንትም የሚጠቅም ነገር ነው።

ስለ ነፋስ መኪና ዐይነትና አሠራር

ነፋስን በጉልበት መግፋት ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። አንጥረኛው ማረሻና ማጭድ የሚሠራበት ወናፍ የነፋስ መኪናዎች ሁሉ አያት ነው። የወናፍ ቆዳ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ነፋሱም በስንጥቁ ይወጣል፤ ፍሙም ይከስማል። ስለዚህ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ ያስፈልጋል። የጥንቱ ባለ ወናፍ የሚያውቀውን ይህን ነገር የዛሬው ባለ ሞተር ሊዘነጋው አይገባም፤ ብረትም እንደ ቆዳ ሲደርቅ ይሞታልና።

በአሁኑ ዘመን በሥራ ላይ ያሉት የነፋስ መኪናዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ባለ ክንፉ ነው። በክብ ቤት ውስጥ በዘንግ ላይ የተተከሉ ክንፎች እየተሽከረከሩ ነፋሱን ወደ ዳር ይወረውሩታል። በመዶሻ ከሚፈጨው ወፍጮ ዱቄቱን ስቦ ወደ ላይ የሚያወጣው፣ በማበጠሪያውም ውስጥ ገለባውንና አቧራውን ከዘሩ የሚለየው ይህ ነው። በዚህኛው የሚቀባው ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ ቅባቱም ብዙ ጊዜ ግራሶ ነው።

ሁለተኛው ወገን በሠሪዎቹ ስም ሩትስ የሚባለው ነው። ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ የተባሉት ወንድማማቾች በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት በኮነርስቪል ከተማ ሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን ያገኙበት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የስምንት ቁጥር መልክ ያላቸው ሁለት ብረቶች ጎን ለጎን ሆነው በተቃራኒ ወገን ይዞራሉ። እርስ በርሳቸው እጅግ ይቀራረባሉ እንጂ አይነካኩም። እንዳይነካኩ የሚያደርጓቸው በዘንጎቻቸው ጫፍ ያሉት ሁለት ጥርሶች ናቸው። በትልልቅ የዱቄት ፋብሪካ ዱቄትን በቧንቧ የሚገፋው፣ በቆሻሻ ውሃ ማጣሪያም አየር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በዚህ በሁለተኛው መኪና አንድ ነገር በጥብቅ መታወቅ ይገባዋል። ነፋሱ የሚያልፍበት ክፍል ዘይት የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ዘይቱ የሚቀመጠው ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ባሉበት በጎንና በጎን ክፍል ብቻ ነው። ጥርሶቹ በዘይት እጥረት ከተበሉ ሁለቱ ብረቶች ልካቸውን ይስታሉ፤ ልካቸውን ከሳቱም ይነካካሉ፤ አንድ ጊዜ ከተነካኩ ደግሞ መኪናው በደቂቃ ውስጥ ይሰበራል። እንግዲህ የብዙ ዓመት ዕድሜ ያለው መኪና የሚኖረው በአንድ ብርሌ በምትለካ ዘይት መሆኑ ነው።

ዘይት ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ዘይት ብረቱን አልስልሶ እንዲያንሸራትት ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። እውነቱ ከዚህ ይበልጣል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ቦሻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስለ ኩሽኔታ ሙከራ ያደርግ ነበር። በሚዞረው ዘንግ ላይ ከተጫነው የናስ መቀመጫ አናት ላይ ዘይት የሚጨመርበት ቀዳዳ በሳ። ዘይቱ ግን በቀዳዳው መግባት ሲገባው ወደ ላይ እየፈላ ወጣ። በቡሽ ቢደፍነው ቡሹን ገፍቶ ጣለው፤ በእንጨት ቢደፍነውም እንጨቱን ገፋው። ከዚያም የግፊት መለኪያ ቢያስገባበት፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት በዘንጉ ላይ ከተጫነው አማካይ ጭነት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1886 ዓ.ም. ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለው ሊቅ የነገሩን ምክንያት በሒሳብ አስረዳ።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ይህ ነው። ዘንጉ በሚዞርበት ጊዜ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ስፍራ እየጎተተ ያስገባዋል፤ ዘይቱም በዚያ ተጨንቆ ዘንጉን ያነሣዋል። በደኅና የተቀባ ዘንግ በብረት ላይ አይሄድም፤ ከጠጉር በቀጠነ የዘይት ምንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ። ምንጣፉ የጠፋ ቀን ብረት ብረትን ይበላል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታላቅ ሥራ ከወላይታ ወሰን ላይ ይገኛል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ በ10 ተርባይኖች 1,870 ሜጋ ዋት ኀይል እንዲሰጥ ሆኖ ተሠርቷል። እንዲህ ያለው ቋሚ ዘንግ ያለው ተርባይን ከነጄነሬተሩ ክብደቱ በመቶ ቶን የሚቈጠር ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ሸክም በሚዞርበት ጊዜ የሚያርፈው በቀጭን የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። እንግዲህ ታላቁን ተርባይን የተሸከመውና በገጠር ወፍጮ ቤት ያለውን ክንፍ የተሸከመው ሕግ አንድ ነው። ልዩነቱ በግድቡ ዘይቱን የሚጠብቁ መሐንዲሶች ሲኖሩ፣ በወፍጮ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አለመኖሩ ነው።

ዘይት ከመሸከም በቀር ሌላም አገልግሎት አለው። ሙቀትን ይወስዳል፤ ብረቱን ከዝገት ይከላከላል፤ የተፋቀውን ብናኝ ብረትም አጥቦ ወደ ታች ያወርዳል። ስለዚህ ዘይት ሲያረጅ ከነተሸከመው ቆሻሻ መውጣት አለበት። በላዩ ላይ አዲስ ዘይት መደረብ በቆሸሸ ልብስ ላይ ነጠላ እንደ መልበስ ነው፤ ላዩን ያሳምራል እንጂ አያነጻም።

መኪናን ስለሚገድሉ ስሕተቶች

አንደኛው ስሕተት ማሳነስ ነው። በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር ዘንግ በአንድ ሰዓት 87,000 ጊዜ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀንም 696,000 ጊዜ ይዞራል። አንድ ቀን ያለ በቂ ዘይት መዋሉ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ይህን ቍጥር ቢያስብ ትንሽ አለመሆኑ ይገባዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ማብዛት ነው። ይህ ከቸርነትና ከትጋት የሚመጣ ስለሆነ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳስት ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሆን ጥርሶቹ እየመቱት አረፋ ያወጣል፤ ይሞቃል፤ ፓራኦሊዮውንም ገፍቶ ወደ ነፋሱ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ዱቄቱን ያበላሻል። ግራሶም እንደዚሁ ነው። የኩሽኔታው ቤት ከሲሶው እስከ እኩሌታው ቢሞላ ይበቃዋል፤ ጨርሶ ከታፈነ ግን ግራሶው በራሱ መፋተግ ሞቆ ይቀልጣል።

ሦስተኛው ስሕተት ማደባለቅ ነው። ግራሶ ሁሉ አንድ ቢመስልም የሚሠራበት ሳሙና ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ቀጥኖ ሊፈስ ወይም ደርቆ ሊጠጥር ይችላል። ስለዚህ በአንድ መኪና የተጀመረውን ዐይነት መለወጥ የግድ ቢሆን እንኳ አሮጌውን አውጥቶ ማጽዳት ይቀድማል።

አራተኛው ስሕተት የማይገባውን ቅባት መስጠት ነው። ዘይት አልቆ ገበያው በራቀ ጊዜ የወጥ ቤቱን ዘይት የሚያፈስ አይታጣም። የኑግ ዘይት ለወጥ የከበረ ነው፤ በመኪና ውስጥ ግን በሙቀትና በአየር ወፍሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ከተሽከርካሪ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት መልሶ ማፍሰስም ከዚህ የከፋ ነው፤ በውስጡ ጥላሸት፣ አሲድና ብናኝ ብረት አለበትና። ይህን ማድረግ ኩሽኔታውን ማረድ ነው።

አምስተኛው ስሕተት ንጽሕናን መናቅ ነው። የእህል አቧራና የቀይ አፈር ትቢያ በዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ መቀባቱን ትቶ እንደ ሞረድ ይሆናል። ሳይጠረግ የተከፈተ ቡሎን፣ አፉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ማፍሰሻ፣ እነዚህ ሁሉ የአቧራ መግቢያ በር ናቸው። ነፋስ የሚገባበትም ፊልትሮ በጊዜው ካልጸዳ መኪናው እየታፈነ ይሞቃል።

ስለ ዘይት አመራረጥና ስለ አየር ጠባይ

የዘይት ውፍረት በበርሜሉ ላይ በቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ለሩትስ መኪኖች ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያዙት 100፣ 150 ወይም 220 የሚል ቍጥር ያለውን ነው፤ ቍጥሩም በ40 ዲግሪ ሙቀት የዘይቱን ውፍረት የሚያመለክት ነው። በሞተር ዘይት ላይ ከሚጻፈው ቍጥር ጋር ግን አይምታታ። ሁለቱ መለኪያዎች የተለያዩ ናቸው፤ 40 ቍጥር ተብሎ የሚሸጠው የሞተር ዘይት ውፍረቱ ከ150 ቍጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታመነው ከመኪናው ጋር የመጣው የሠሪው መጽሐፍ ነው፤ ይህ መጽሐፍ ጠፍቶ ከሆነ በመኪናው ላይ በተለጠፈው ቆርቆሮ የተጻፈውን ዐይነትና ቍጥር አስታውቆ ሌላ ማስመጣት ይገባል።

የወላይታ ምድር ደጋም ወይና ደጋም ቆላም ያለበት ነው። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ በሁምቦና በብላቴ ወገን ያለው ቆላ ግን እጅግ ሞቃት ነው። በደጋው ጠዋት የሚበቃው ዘይት በቆላው ቀትር ሊቀጥን ይችላል። ስለዚህ በቆላ ለሚሠራው መኪና ሠሪው ከፈቀዳቸው ቍጥሮች ወፍራሙን መምረጥ ይሻላል።

ከፍታውም የራሱ ጠባይ አለው። በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ወደ አንድ አምስተኛ በሚጠጋ ልክ የሳሳ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተለካ የነፋስ መኪና በሶዶ ሲተከል ዱቄት የማንሣት ኀይሉ ያንሳል። ባለ መኪናውም ይህን ሲያይ ፑሌጃውን ለውጦ መኪናውን ያፈጥነዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ የሳሳውም አየር መኪናውን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም። የባለ ሙያዎች ልማዳዊ ሒሳብ እንደሚለው ዘይት ከተለመደው የሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናውን ያፈጠነ ሰው ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መለወጥ እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ። ሠሪው ከወሰነው ፍጥነት ማለፍ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ስለ በርሜሉ አቀማመጥም አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በዝናብ ወራት ደጅ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል በአናቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ቀን ሞቆ የነበረው በርሜል ሌሊት ሲበርድ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ በዚህም ጊዜ በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስበዋል። እንዲህ ሆኖ ገና ሳይከፈት የተበላሸ ዘይት ብዙ ነው። ስለዚህ በርሜሉ ከጣራ በታች ይቀመጥ፤ ጣራ ባይገኝ በጎኑ ይጋደም፤ ሁለቱ ክዳኖችም ግራና ቀኝ ትይዩ ሆነው ከዘይቱ በታች እንዲውሉ ይደረግ። መልኩ ወደ ወተት የተለወጠ ዘይት ውሃ የገባበት ስለሆነ ወደ መኪና አይግባ።

በየጊዜው ስለሚደረገው ሥራ

በየቀኑ፦ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ዘይቱ ረግቶ ሳለ፣ በመስተዋቱ ይታይ። ልኩ ሠሪው ባደረገው ምልክት ላይ፣ ምልክት ከሌለም በመስተዋቱ መካከል ነው። በሚዞርበት ጊዜ የሚታየው ልክ አያስተማምንም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ድምፁ ይደመጥ፤ የኩሽኔታውም ቤት ሙቀት ይጠበቅ። ሙቀት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ከትናንቱ የተለየው ነው። ስለዚህ የትናንቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ቺንጋውና ክንፉ በሚዞሩበት ስፍራ ግን ማንም እጁን አይስደድ።

በየሳምንቱ፦ ፊልትሮው ይራገፍ፤ የሚያንጠባጥብ ስፍራ እንዳለ ይመርመር፤ ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ እንደሆነ ይላላ። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን እየጎተተ የዘይቱን ምንጣፍ ያፈርሰዋልና። ዘይትም በቺንጋው ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ።

በሰዓት ልክ፦ የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ዘይት ቶሎ መለወጥ አለበት፤ አዲስ ጥርሶች እስኪላመዱ ድረስ ብናኝ ብረት ይጥላሉና። ከዚያ በኋላ ተራ ዘይት ላለው የሩትስ መኪና ወደ 1,000 ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ መለወጥ የብዙ ሠሪዎች ልማድ ነው፤ መጽሐፉ ሌላ ካዘዘ መጽሐፉ ይፈጸም። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ መኪና 1,000 ሰዓት ማለት 125 ቀን ነው። አሮጌው ዘይት የሚፈሰው መኪናው ቆሞ ገና ለብ ባለ ጊዜ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣልና። ከወጣው ዘይት ጥቂት በነጭ ሳህን ላይ ቢደረግ ነገሩን ይናገራል፦ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ቢታይ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ቢከረፋ በሙቀት ተቃጥሏል፤ ቢነጣ ውሃ ገብቶበታል።

በየወራቱ፦ በቆሎ መፈልፈያና ዘር ማበጠሪያ ዓመቱን ሙሉ አይሠሩም። ሥራ ፈትቶ የቆመ መኪና ግን ዕረፍት ላይ ነው ማለት አይደለም። በእርጥብ ወራት ዘይቱ ከኩሽኔታው ላይ ይወርዳል፤ ብረቱም ተገልጦ ይዝጋል። ስለዚህ መኪናው ሲቆም በአዲስ ዘይት ይቁም፤ በየሳምንቱም፣ ኀይሉ ተቋርጦ ሳለ፣ ዘንጉ በእጅ ጥቂት ይዙር።

ለወላይታ ይህ የወራት ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ነው። አገሩ በኢትዮጵያ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው ስፍራዎች አንዱ ስለሆነ የብዙው ገበሬ ይዞታ አነስተኛ ነው፤ ተስፋውም በእንሰቱ፣ በስኳር ድንቹና በበልግ በሚዘራው በቆሎ ላይ የተጣለ ነው። በ1992 ዓ.ም. በልግ በቀረ ጊዜ በወላይታ የደረሰው ረኃብ በብዙዎች ዘንድ አልተረሳም። በ1962 ዓ.ም. በሶዶ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ የተባለው፣ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ማድረስን ዋና ሥራው አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተመረጠ ዘር ነገር በአገሩ የታወቀ ሆኗል። ዘር ግን ቢመረጥም ካልተበጠረ፣ ቢበጠርም በጊዜው ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ዝናብ የመኪናን መጠገን አይጠብቅም። የበልጉ ደመና ሲታይ የማበጠሪያው ነፋስ ቢቆም፣ ከአዲስ አበባ ኩሽኔታ እስኪመጣ የሚያልፈው ሳምንት የገበሬው ዓመት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የነፋስ መኪናዎች ምርመራና የዘይት ለውጥ በጥር ወር፣ ከበልግ አስቀድሞ ቢፈጸም፣ ለመኸሩም እንደዚሁ ከመኸር አስቀድሞ ቢደረግ መልካም ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ።

በወፍጮ ቤትም ያለው ጉዳት ከዚህ አያንስም። አንድ ወፍጮ በቆመ ጊዜ የሚደክመው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። እህሏን ተሸክማ የመጣች እናት ወደ ሩቅ ወፍጮ ትሄዳለች፤ ወይም ወደ እጅ ወፍጮዋ ትመለሳለች። የአንድ ጣሳ ዘይት ቸልታ የብዙ ቤት ድካም ይሆናል።

እሳት እንዳይነሣ ስለ መጠንቀቅ

የዱቄት ብናኝ በአየር ውስጥ ተበትኖ ሳለ እሳት ቢያገኘው እንደ ባሩድ እንደሚፈነዳ ብዙ ሰው አያውቅም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. በሜይ ወር በ2ኛው ቀን በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ዋሽበርን የሚባለው ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚህ ምክንያት ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞተዋል። ዘይት ያጣ ኩሽኔታ እስኪግል ሊሞቅ ይችላል፤ የተነካኩ ክንፎችም ፍንጣሪ ያወጣሉ። ስለዚህ ኩሽኔታን መቀባት መኪናን ማዳን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ማዳን ነው። በግድግዳና በወራጅ ላይ የተከማቸው ዱቄት በየጊዜው ይጠረግ፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ በቤቱ ውስጥ አይከማች፤ በወፍጮ ቤትም ሲጋራ አይጤስ።

ደግሞም እህልና ዱቄት ሰው የሚበላቸው ስለሆኑ፣ ዘይት ከምግብ ጋር ሊገናኝ በሚችልበት ስፍራ ለምግብ ፋብሪካ ተብሎ የተሠራውን ዘይት መግዛት ይገባል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ነገር ግን የሰው ጤና ከዚህ ይበልጣል።

የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ከመኪና የወጣ ዘይት በመንገድ ዳር ወይም በቦይ ሲፈስ በብዙ ስፍራ ይታያል። ከወላይታ የሚወርዱት ውሃዎች ከፊሉ ወደ ኦሞ፣ ከፊሉም ወደ ብላቴና ወደ አባያ ሐይቅ ይሄዳሉ። በሶዶ የፈሰሰው በሌላ ወረዳ ይጠጣል ማለት ነው። ጥቂት ዘይት በውሃ ላይ ተዘርግቶ ብዙ ስፍራ ይሸፍናል፤ አየርም እንዳይገባ ከልክሎ ዓሣውን ይጎዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወፍጮ ቤት የተቃጠለውን ዘይት በክዳን በሚገጠም ጀሪካን ያጠራቅም፤ የከተማው ሹምም ለዚሁ አንድ የመሰብሰቢያ ስፍራ ቢወስን መልካም ነው።

ስለ ባለ ዘይቱ ሰው

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ በወረቀት ላይ የሚቀር ይሆናል፤ የሚፈጽመው ሰው ካልተወሰነ በቀር። የብዙ መኪና ሞት ምክንያቱ ዘይት ማጣት አይደለም፤ ዘይቱን ማን እንደሚያየው አለመታወቁ ነው። የሁሉ ሥራ የሆነ ነገር የማንም ሥራ አይደለም። የቀኑ ሠራተኛ የማታው አይቶታል ይላል፤ የማታውም የቀኑ አይቶታል ይላል፤ በመካከሉ መስተዋቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ በማኅበር ወይም በመንግሥት ገንዘብ በተገዛ መኪና ሁሉ ላይ ሦስት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ ዘይቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው በስሙ ይሾም፤ በሌለበትም ጊዜ የሚተካው ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ቀኑን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የተጨመረውን የዘይት ልክና ዐይነት የሚጽፍበት ደብተር በመኪናው አጠገብ ይንጠልጠል። የወረዳው ሹም ወፍጮ ቤት በጎበኘ ጊዜ አስቀድሞ ደብተሩን ይጠይቅ፤ ከዚያም መስተዋቱን በዐይኑ ይይ። ሦስተኛ፣ መኪና ሲገዛ የአንድ ዓመት ዘይት፣ ግራሶ፣ ፊልትሮና መለወጫ ኩሽኔታ አብሮ ይገዛ፤ ያለ እነዚህ የተፈቀደ ግዢ ግማሽ ግዢ ነው።

የዘይቱ ጠባቂ የሚገባውን ክብር ማግኘት አለበት። በወላይታም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ አንጥረኛው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በጋብቻና በማኅበር እየተለዩ እንዲኖሩ ይደረግ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ስለ ሙያው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ይሁን እንጂ እጁ በዘይት የጠቈረውን ሰው በንቀት የሚያይ ዐይን ጨርሶ አልጠፋም። የሚናቅ ሰው ሥራውን ይንቃል፤ ሥራው የተናቀ መኪናም አይሠራም። ዛሬ በአገሩ የሙያ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በከተማው ይገኛል። ሹማምንቱ ከእነዚህ ጋር ተነጋግረው ለወፍጮና ለማበጠሪያ ጠባቂዎች በበጋው ወራት የጥቂት ቀን ትምህርት ቢያዘጋጁ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል።

በመጨረሻ ይህ ይታሰብ። ሹም ሁሉ አዲስ መኪና ሲመርቅ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ እልልታም ይሆናል። መኪናው በ10ኛው ዓመት ሳይሰበር ሲሠራ ግን የሚሰበሰብ ሕዝብ የለም። ይሁን እንጂ አገርን የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው። በመስተዋቱ መካከል የቆመች ዘይት፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠረገ ቡሎን፣ በእጅ የተጻፈች አንዲት የደብተር መሥመር፣ እነዚህ ድምፅ የላቸውም። ነገር ግን በልጉ ሲመጣ ዘሩን ለገበሬው በጊዜ የሚያደርሱት፣ ማታም የእናትን ዱቄት ወደ ቤት የሚያስገቡት እነዚሁ ናቸው።